«ሰው ካለን» ሲባል የሚለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ ባለው ሰፈራችን አረጋውያን ሲለያዩ «ሰው ካለን በወሩ እንገናኛለን» ይላሉ። እኔ «የሚደርስልን ሰው ካለን» ማለት እየመሰለኝ ነው ያደግሁት። ሰሞኑን ይህንኑ ለአንዲት እናት ብነግራቸው «የለም ልጄ፣ እሱ ሰው ካለን ነው» አሉኝ። ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ እኚያ እናት በትክክል ነግረውዎታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ካለን» በጽሑፍ አንድ ቢመስልም በንባብ ሁለት ቃል ነው፤ «ለ» ጠብቃ ስትነበብ «ከኖረን» ማለት ሲሆን፣ ላልታ ስትነበብ ግን «ብሎ ከጠራን» ማለት ነው። ጥርጣሬ ቢኖርዎ ቃሉን ወደ ምርቃት ይለውጡት፤ ሰው ሁሉ «ለከርሞ ሰው ይበለን» ይላል እንጂ «ሰው ይኑረን» ብሎ የሚሰናበት አልሰማሁም። ይህ «ይበል» የግዕዙ «ብህለ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ባለቤቱ በስም ባይጠራም ተናጋሪውም ሰሚውም እግዚአብሔር መሆኑን ያውቃሉ።

«ሰው» የሚለውም እዚህ ላይ «በሕይወት ያለ» ማለት ነው። ትናንት በስሙ ስንጠራው የነበረ ጎረቤት ዛሬ «አስከሬኑ በስንት ሰዓት ይወጣል?» ይባልለታል፤ ሰው የመባል ነገር በአንድ ሌሊት ከእጅ የሚወጣ መሆኑን አባቶቻችን በዚህች አጭር ንግግር አስቀምጠውታል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ወደ አንድ ከተማ ሄደው ዓመት ሊነግዱ የሚያቅዱትን ሰዎች የገሠጸው ንግዱን ነቅፎ ሳይሆን «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም» ማለትን ስለዘነጉ ነው፤ የእኛ «ሰው ካለን» የፈቃዱንም የመኖሩንም ነገር በአንድነት ይዞታል።

ይህን ሳስብ ዘወትር የምትመጣብኝ የጽዋ ማኅበራችን እናት ናት። በወር በወሩ በ12 ሚካኤልን ስንዘክር ተራው የደረሰው ሰው ጽዋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል። እሷም ባለፈው ተራዋ ደርሶ ጽዋውን በነጠላዋ ጠቅልላ ከያዘች በኋላ «ሰው ይበለን» አለች፤ በማግሥቱ ግን ጌሾና ብቅል ገዝታ ስትመለስ አገኘኋት። ከሳጥኗ ሥር ለመገነዣ የሚሆን አቡጀዴ አጥፋ ማስቀመጧን የቅርቦቿ እናውቃለን፤ የሰው ገንዘብም በእጇ አያድርም። እንግዲህ ቃሉ ሥራን የማዘግያ ሰበብ አለመሆኑን ከእሷ ተማርኩ፤ ለጠላው ጌሾ የገዛችውም መገነዣዋን ያጠፈችውም በአንድ ልብ ነው። «ዕድሜ ለንስሐ፣ ዘመን ለፍሥሓ ይስጥልን» የሚለው ምርቃት ውስጥ ያለው «ለ»ም ይህንኑ ያስረዳል፤ ዕድሜ የሚለመነው እንዲሁ እንዲበዛ አይደለም፣ የሚውልበት ነገር አብሮ ተጠርቷል። በማታስቡበት ሰዓት ይመጣልና ተዘጋጅታችሁ ኑሩ ተብለናል፤ «ኑሩ» የሚለውንም ቃል ልብ ይበሉልኝ።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስሳሳት የኖርኩትን ዓመታት ሳስብ አዘንኩ። ታዲያ «እግዚአብሔር ካለ» ከማለት በምን ይለያል?

መልስ፦ «ካለ» በሁለቱም ላልቶ የሚነበብ ያው ግስ ነው፤ የሚለያዩት በሚባለው ነገር ነው። «እግዚአብሔር ካለ» የምንለው ስለ ጉዳዩ መሳካት ነው፤ ልብስ ሰፊው «እግዚአብሔር ካለ ቅዳሜ ይደርሳል» ሲልዎ የሚያስበው ስለ ልብሱ ነው። «ሰው ካለን» ያለ እንደ ሆነ ግን ልብሱ ቢደርስም ሰፊው ወይም እርስዎ ላትኖሩ እንደምትችሉ አብሮ ተናግሯል። ስለዚህም ይመስለኛል ወጣቶች የመጀመሪያውን ሲያዘወትሩ ሁለተኛውን በብዛት ከአረጋውያን አፍ የምንሰማው።