የተቆጣው ቆሽት ሆኖ ሳለ የሐሞት ከረጢት የሚወጣው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ63 ዓመቱ አባቴ ከእንብርታቸው በላይ በድንገት ጀምሯቸው እስከ ጀርባቸው በዘለቀ ብርቱ ሕመምና በማያቋርጥ ትውከት ምክንያት ሆስፒታል ገብተው፣ አጣዳፊ የቆሽት ብግነት እንደሆነ ተነግሮናል። በደም ምርመራው ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ከመደበኛው ጣሪያ ከአሥር እጥፍ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ በአልትራሳውንድ ደግሞ በሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ትናንሽ ጠጠሮች ታይተዋል። አባቴ የአልኮል መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። አሁን ሕመሙ ቀንሶላቸዋል።

ያልገባኝ ይህ ነው። በአንድ አካል ውስጥ ያለ ጠጠር ሌላውን አካል እንዴት ሊያስቆጣ ቻለ? ላይፔዙ ይህን ያህል ከፍ ማለቱ ሕመሙ የከፋ መሆኑን የሚያሳይ ከሆነስ፣ ሐኪሞቹ በየቀኑ እንዲለኩላቸው ስንጠይቅ አያስፈልግም ያሉን ለምንድን ነው? አንቲባዮቲክም አልታዘዘላቸውም። በዚህ ላይ ከሆስፒታል ሳይወጡ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ተብለናል፤ ወንድሞቼና እህቶቼ ግን በመጀመሪያ ቤት ገብተው ያገግሙ፣ ቀዶ ሕክምናው ከጥቂት ወራት በኋላ ይደረጋል ይላሉ። የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

መልስ፣ ከአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም፦

አባትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ጥያቄዎችዎ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለሆኑ ከቆሽት ሥራ ልነሳ።

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት በአግድም የተቀመጠ፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዕጢ ነው፤ ሕመሙ ወደ ጀርባ የሚዘልቀውም በዚሁ አቀማመጡ የተነሳ ነው። ኢንሱሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ከመልቀቁ በተጨማሪ፣ በቀን ከአንድ ሊትር የሚበልጥ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ በቱቦው አማካይነት ወደ ቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ይልካል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲንን የሚሰባብረው ትሪፕሲን ትልቅ ኃይል ያለው ኢንዛይም ስለሆነ፣ ቆሽት የሚያመርተው ትሪፕሲኖጅን በሚባልና ገና ሥራ ባልጀመረ መልኩ ነው፤ በጤናማ ሰው ላይ ወደ ሥራ የሚገባው አንጀት ደርሶ የአንጀቱ ግድግዳ የሚያመነጨው ሌላ ኢንዛይም ሲያገኘው ነው። አጣዳፊ ብግነት የሚነሳው ይህ ሥርዓት ፈርሶ ኢንዛይሞቹ እዚያው ቆሽት ውስጥ እያሉ ያለጊዜያቸው ሥራ ሲጀምሩና የተመረቱበትን ሕዋስ ራሱን ማጥቃት ሲይዙ ነው። ቆሽት በራሱ ኢንዛይም ሊፈጭ ይችላል የሚለውን ሐሳብ የፓቶሎጂ ሊቁ ሐንስ ኪያሪ ያቀረበው በ1896 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ቢሰፋም መሠረቱ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ጠጠሩ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ከጉበትና ከሐሞት ከረጢት የሚመጣው ቱቦና የቆሽት ቱቦ በአብዛኛው ሰው ላይ ተገናኝተው ወደ አንጀት የሚገቡት በአንድ ጠባብ መውጫ ነው። ከከረጢቱ የወጣ ጠጠር እዚያ ላይ ሲሰነቀር የቆሽት ፈሳሽ መሄጃ ያጣል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ቀደም ሲል የገለጽኩት መዘዝም ይከተላል። ለዚህም ነው ትናንሾቹ ጠጠሮች ከትልልቆቹ ይልቅ የሚያሳስቡን፤ ትልቁ ከከረጢቱ መውጣት ሲያቅተው ትንሹ ግን እስከ መውጫው ድረስ ይሾልካል። ብዙውን ጊዜ ጠጠሩ በራሱ ወደ አንጀት አልፎ ስለሚሄድ ቱቦው ሲታይ ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የተቀሰቀሰው ብግነት ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል።

ስለ ላይፔዝ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አጭር በመሆኑ ቤተሰብ ያለምክንያት ሲጨነቅ አያለሁና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ላይፔዝ የሚለካው በሽታውን ለመለየት ነው። ሐኪሞች ይህን በሽታ በሚለዩበትና ክብደቱን በሚመድቡበት፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በተሻሻለው የአትላንታ ምደባ መሠረት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ከተሟሉ በሽታው አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ይባላል፤ እነርሱም ጠባዩን የጠበቀ የሆድ ሕመም፣ ከመደበኛው ጣሪያ ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆነ ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ የተባለው ሌላው የቆሽት ኢንዛይም፣ እንዲሁም በምስል ምርመራ የታየ የብግነት ምልክት ናቸው። ከዚያ ወዲያ የቁጥሩ መጠን ስለ ሕመሙ ክብደት የሚነግረን ነገር የለም። ላይፔዙ አሥር እጥፍ የሆነ ሰው በሳምንት ውስጥ ድኖ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲችል፣ አራት እጥፍ ብቻ የሆነበት ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊገባ ይችላል። ክብደቱን የሚወስነው ሳንባ፣ ኩላሊትና የደም ዝውውር ሥራቸውን መወጣት አለመወጣታቸው ነው፤ የአንዳቸው መድከም ከ48 ሰዓት በላይ ከዘለቀ ሕመሙ ከባድ ከሚባለው ወገን ይመደባል። ስለዚህ ሐኪሞቹን የላይፔዙን ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ ሽንታቸው በቂ መሆኑን፣ ትንፋሻቸውንና የኩላሊታቸውን ምርመራ ውጤት ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ከታማሚዎች አብዛኞቹ፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል፣ የሚይዛቸው ቀላሉ ዓይነት ነው።

አንቲባዮቲክ ያልታዘዘውም በጀርም የመጣ ብግነት ስላልሆነ ነው። የሞተ የቆሽት ሥጋ ኖሮ እርሱ ሲመረቅዝ፣ ወይም የሐሞት ቱቦው ራሱ ሲመረቅዝ አንቲባዮቲክ የግድ ነው፤ ለመከላከል ተብሎ አስቀድሞ መስጠት ግን ጥቅም እንደሌለው ታይቷል። ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና በቂ የሕመም ማስታገሻ ነው። ፈሳሹም ቢሆን በልክ መሆን አለበት፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው በብዛትና በፍጥነት የተሰጠ ፈሳሽ ፈውሱን ሳያሻሽል በሰውነት ውስጥ የፈሳሽ ክምችት አብዝቷል።

መልስ፣ ከአንድ ቀዶ ሐኪም፦

ስለ ቀዶ ሕክምናው ጊዜ እኔ ልጨምር። የወንድሞችዎና የእህቶችዎ ሐሳብ ከርኅራኄ የመነጨ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከረጢቱ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ጠጠር መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፣ ተከታዩ ብግነት ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀላል ስለመሆኑ ዋስትና የለውም። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው የኔዘርላንድ ጥናት፣ ቀላል ብግነት የነበረባቸው ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን በዚያው ቆይታው፣ ሌላው ከ25 እስከ 30 ቀናት ካለፉ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከጠጠሩ ጋር በተያያዘ ችግር ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት ከመጀመሪያው ወገን 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዘገየው ወገን 17 በመቶ ነበሩ። አንድ ወር እንኳ ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ ጥቂት ወራት መጠበቅን ልመክርዎ አልችልም።

ይህ የምለው ለቀላሉ ዓይነት ነው። በቆሽት ዙሪያ ፈሳሽ ከተጠራቀመ ወይም ከፊሉ ከሞተ እብጠቱ እስኪረጋ መጠበቅ ይገባል። ሐሞትን የሚያመርተው ጉበት በመሆኑና ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ስለሆነ፣ አባትዎ ከረጢቱ ከወጣ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው መመገብ ይችላሉ።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለቤተሰቡ አንብቤላቸዋለሁ፤ ቀዶ ሕክምናውን በተመለከተም ተስማምተናል። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። ቆሽቱ እንዲያርፍ ለጥቂት ቀናት ምንም ባይቀምሱ ይሻላል የሚሉን ሰዎች አሉ፤ እውነት ነውን? ደግሞስ ይህ ሕመም ሥር ሰድዶ ወደ ስኳር በሽታ ሊያመራ ይችላልን?

መልስ፣ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ካለበት ሰው፦

ሐኪም ባልሆንም ከዚህ ሕመም ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ላካፍልዎ። የእኔ ምክንያት ጠጠር ሳይሆን በዘር የሚተላለፍ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተለየውና ለትሪፕሲኖጅን መሠረት የሆነው ዘረመል ላይ የሚታየው ለውጥ በቤተሰባችን አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ብግነቱ ስለተደጋገመብኝ ቆሽቴ ቀስ በቀስ ጠባሳ ለብሷል።

ከዚህ የተነሳ ልንገርዎ የምፈልገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተይዞ የዳነና ምክንያቱ የተወገደለት ሰው ወደ እኔ ዓይነቱ ሁኔታ የሚደርሰው በብዛት እንዳልሆነ ነው። ሥር የሚሰድደው በአብዛኛው ከተደጋጋሚ ብግነት በኋላ ሲሆን፣ መጠጥና ማጨስ ዋነኞቹ አባባሾች ናቸው። አባትዎ የሚያጨሱ ከሆነ ግን አለመጠጣታቸው ብቻውን አይበቃም፤ ሲጋራ ለብቻውም ቆሽትን ይጎዳል።

የሚጠብቋቸው ምልክቶች ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቅባት የሚታይበትና ሽታው የከበደ ዓይነ ምድር፣ እንዲሁም ከዚህ በፊት ያልነበረ የስኳር መጨመር ናቸው። ቅባት በዓይነ ምድር የሚታየው የቆሽት ኢንዛይም የማምረት አቅም ከ90 በመቶ በላይ ከወደቀ በኋላ ስለሆነ ምልክቱ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ያን ጊዜ የሚታዘዘው የኢንዛይም እንክብል የሚጠቅመው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፤ ምግቡ ካለፈ በኋላ የተዋጠ እንክብል የሚፈጨው ነገር አያገኝም። እኔ ይህንን በትክክል የሚያስረዳኝ ሰው ካገኘሁ ወዲህ ክብደቴ ተመልሷል፤ ስለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

መልስ፣ ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ፦

ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ በተለይ ስለ ሲጋራ። ምግብን በተመለከተ፣ ቆሽትን በጾም ማሳረፍ ቀድሞ የተለመደ ቢሆንም አሁን የተተወ አሠራር ነው። በቀላሉ ዓይነት ትውከቱ ሲቆምና ፍላጎቱ ሲመለስ፣ ከተቻለ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ፣ ቅባቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ መጀመር ይመከራል፤ ምግብ የማያገኝ አንጀት ግድግዳው ስለሚዳከም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ቆሽት የመሻገር ዕድል ያገኛሉ።

የደም ስኳራቸውን ከወጡ በኋላ በየጊዜው ማስለካት ይገባል፤ ከአጣዳፊው ብግነት በኋላም ቢሆን በአንዳንዶች ላይ ስኳር ይመጣል። ጠጠር በመገኘቱ ሌላው ምክንያት እንዳይዘነጋ የትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ የቅባት ዓይነት) እና የካልሲየም መጠናቸው መለካቱን ይጠይቁ፤ ትራይግሊሰራይድ ከ1,000 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ ብቻውን ይህን በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ሕመሙ እንደገና መነሳት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይውሰዷቸው።