ለ7ኛ ክፍል ልጆች ንጥረ ነገሮችንና ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥን በምን ልጀምርላቸው?

ጠመኔ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። 7ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹ 62 ናቸው። ቤተ ሙከራ የለንም። ያለን ንጥረ ነገሮቹ የተደረደሩበት አንድ የግድግዳ ሰንጠረዥ ነው፤ እሱም የላይኛው ግራ ጥጉ ተቀዷል። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የሶዲየም ምልክት "ኤን ኤ" ነው ብዬ ጻፍኩ። አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ሶዲየም በኤስ አይደል እንዴ የሚጀምረው?" አለችኝ። "እንደዚያ ነው፣ ዝም ብላችሁ ያዙት" ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ማንቀላፋት ጀመረ። ወጪ የሌለው ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ 31 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ልጆቹ የጠፉብሽ "ዝም ብላችሁ ያዙት" ያልሽ ጊዜ ነው። የቤት ስምና የመዝገብ ስም ብለሽ አስረጃቸው። ሠፈር ውስጥ ማሙሽ የሚባለው ልጅ ክፍል ውስጥ በሌላ ስም ይጠራ የለ? ሶዲየምም የመዝገብ ስሙ ናትሪየም ነው። ፖታሲየም ካሊየም፣ ብረት ፌሩም፣ ወርቅ አውሩም። ምልክቶቹ የመጡት ከእነዚህ የላቲን ስሞች ነው።

ሰንጠረዡን ለጊዜው ጠቅልለሽ አስቀምጪው። መጀመሪያ ከቤት ይዘዋቸው የመጡትን ስሞች ጠይቂያቸው። ወርቅ፣ ብር፣ ብረት፣ መዳብ፣ ድኝ፣ እርሳስ፣ ባዜቃ (ሜርኩሪ)፤ ሁሉም ንጥረ ነገሮች ናቸው፣ ወደ ሌላ ቀላል ነገር የማይከፈሉ። አማርኛችን ግን ሁለት ቦታ ያሳስታል። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ሜታል (ብረት አስተኔ) የለም። ጥቁሩ ግራፋይት ነው፣ ከሸክላ ጋር የተቀላቀለ ካርቦን፤ የከሰል ዘመድ ማለት ነው። የጣሪያችን ቆርቆሮም እንደዚሁ፤ ቆርቆሮ (ቲን) የሚባለው ንጥረ ነገር አይደለም። ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ደግሞ ዚንክ የተቀባ። ልጆቹን ደጅ አውጥተሽ የዛገ ጣሪያ አሳያቸው። የዛገው ዚንኩ የለቀቀበት ቦታ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
መምህርት፣ እኔ የማውቀው በወላጅ በኩል ያለውን ነው። ልጄ "ከቤት አንድ ንጥረ ነገር አምጡ" ተብሎ መጣና ጨው በፌስታል ቋጥሬ ላክሁት። "ተሳስተሃል" ተብሎ ተመለሰ። ለምን እንደተሳሳተ ግን የነገረው የለም። እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጡረተኛው
እመቤቴ፣ ጨው ንጥረ ነገር ሳይሆን ውሁድ ነው፤ ሶዲየምና ክሎሪን ተጣምረው ነው የሠሩት። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ለስላሳ ሜታል ነው። ክሎሪን ለብቻው መርዛማ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ወጥ ማጣፈጫ ሆኑ። እኔ ብሆን ለልጅዎ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ የቀኑን ትምህርት ከዚያች ፌስታል እጀምር ነበር። እንቅርትን ለመከላከል የሚጨመርበት አዮዲንም አለ፤ ማሸጊያው ላይ ያንብቡት።

ሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ
ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ መክፈትም ጥሩ ነው። በተራው ዓይነት ድንጋይ ውስጥ መሀል ላይ የካርቦን ዘንግ አለ፣ ቆርቆሮ የሚመስለው ቅርፊት ዚንክ ነው፣ ጥቁሩ ዱቄት ውስጥ ማንጋኒዝ አለ። ሦስት ንጥረ ነገር በአንድ ድንጋይ!

ጡረተኛው
ልጆቹ እንዳይከፍቱ! አንቺ ራስሽ ጓንት አድርገሽ ቤትሽ ክፈቺና ዘንጉን አጥበሽ አምጪ። አልካላይን የሚል ከሆነና የሞባይል ባትሪ ከሆነ ጭራሽ አትንኪ። ድኝም ክፍል ውስጥ አይቃጠል፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ባዜቃን በስሙ ብቻ ጥሪው፣ ክፍል አታምጪው።

የገበያ ቀን
እኔም መምህር ነኝ። ሰንጠረዡን የማስረዳው በግድግዳ ካላንደር ነው። ሰባቱ ቀናት ከላይ የተደረደሩበትን ዓይነት ፈልጊ። ቁጥሩ ወደ ጎን አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ታች ስትወርጂ ግን ጠባዩ አንድ ነው። የእኛ ከተማ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ በቅዳሜ ዓምድ ያለው ቀን ሁሉ የገበያ ቀን ነው። ንጥረ ነገሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም አንድ ዓምድ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም ከውሃ ጋር አይስማሙም።

ከዚያ አንድ ቀን በመቀስ ቆርጠሽ አውጪና "ስንት ነበር? ገበያ አለ ወይስ የለም?" በያቸው። ወዲያው ይመልሳሉ። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 በፈረንጆች ያደረገው ይህንኑ ነው። ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች ቦታ ባዶ ትቶ ጠባያቸውን አስቀድሞ ተናገረ። ጋሊየም በ1875፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ። እሱ በአቶም ክብደት ነበር የደረደራቸው፤ ዛሬ በአቶሙ መሀል ባሉት ፕሮቶን የሚባሉ ቅንጣቶች ቁጥር ነው።

አንድ ጊዜ ካላንደሩን በጾም ቀን ሳስረዳ አንዱ ተማሪ "በበዓለ ሃምሳ እኮ ረቡዕ አይጾምም" ብሎ አፋጠጠኝ። ደስ አለኝ። በሰንጠረዡም ከደንቡ የሚወጣ አለ፤ ሃይድሮጅን የመጀመሪያው ዓምድ ራስ ላይ ተቀምጦ እንደ ሌሎቹ ሜታል አይደለም፣ ጋዝ ነው።

118ቱን አታሸምድጃቸው፤ ለጊዜው የመጀመሪያዎቹ 20 ይበቃሉ።

ጠመኔ (ጠያቂ)
ትናንት ሞከርኩት። የአምናውን ካላንደር ከጎረቤት ለመንኩ። ከሰል፣ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ አመጡ። አንዱ የእናቱን የብር ማተብ ይዞ መጣ፤ እንዳይጠፋ ሳስብ ልቤ ተሰቅሎ ዋለ። ቀኑን ስቆርጠው እንኳን የፊቱ፣ የኋላው ወንበርም ጮኸ።

ከዚያ የተቀደደውን ሰንጠረዥ ሰቀልኩና ጥጉ ላይ የጎደለው ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ሊቲየም 3 ቁጥር መሆኑን አይተው ከሱ በላይ 1 ቁጥር፣ ሃይድሮጅን፣ እንዳለ ደረሱበት። "2 ቁጥርስ?" ያለችኝ ያችው የሶዲየሟ ልጅ ናት። ሂሊየም ቀኝ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ እየተንጠራራች አገኘችው። ለምን ከሃይድሮጅን ጎን እንዳልተቀመጠ ለሐሙስ አቆይቻለሁ። ጋሼ፣ እስከዚያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ስለ ኤሌክትሮን ገና ለማያውቁ ልጆች ይህን እንዴት አድርገው ያስረዱ ነበር?

ጡረተኛው
ኤሌክትሮን አትጥሪ። ሂሊየም ከማንም ጋር አይጣመርም፣ ኒዮንና አርጎንም እንደሱ ናቸው፣ ስለዚህ ከነሱ ዓምድ ላይ አስቀመጡት በያቸው። የቅዳሜው ከቅዳሜ ጋር።