ሊያልቅ የተቃረበ ፓስፖርት፣ ከአገር ውጪ የተወለደች ልጅና ያልተደረገ ምዝገባ፦ ጥያቄና መልስ

መንገደኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ኤምባሲያችን ሄጄ "እዚህ ነው ያለሁት" ብዬ ተመዝግቤ አላውቅም። ቆንስላው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሌሊት ያስኬዳል። "አንድ ቀን እሄዳለሁ" እያልኩ ጊዜው ሄደ።

አሁን ነገሩ ሁሉ በአንዴ መጣብኝ። ፓስፖርቴ አምስት ወር ነው የቀረው። ልጄ ሰባት ወሯ ነው። እዚሁ ነው የተወለደችው፤ ሆስፒታሉ ከሰጠኝ ወረቀት ሌላ ምንም ሰነድ የላትም። አባቷ ለሥራ ሌላ አገር ነው ያለው። እናቴ ታማብኛለች፤ በሁለት ወር ውስጥ ሕፃኗን ይዤ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። በዚያ ላይ የአባታችንን ቤት የውርስ ጉዳይ እንዲጨርስልኝ ለወንድሜ ውክልና መላክ አለብኝ።

የቱን ላስቀድም? ልጄን በእኔ ፓስፖርት ይዣት መሄድ አልችልም? ደግሞ አሁን ልብ ብዬ ሳየው ሆስፒታሉ ስሜን ሲጽፍ አንድ ፊደል ጨምሮበታል። ችግር ያመጣብኛል?

የመንታ አባት

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። እናትሽንም እግዜር ይማራቸው።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው። ያቺን አንድ ፊደል ሳታስተካክዪ የትም እንዳትሄጂ። እኔ ላይ ደርሷል። የልጆቼ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእኔ ስም በሁለት "ኤስ" ተጽፎ ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ግን አንድ ነው። ቀጠሮ ይዘን፣ ልጆቹን አቅፈን፣ ስንት መንገድ ሄደን መስኮቱ ጋ ደረስን። ሠራተኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ፊደል በፊደል ቆጠረች። ከዚያ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር መልሳ ገፋችልኝ። አልተቆጣችም። "እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው" ብቻ አለችኝ። እውነቷን ነበር። ወረቀቱን አስተካክለን እስክንመለስ ሦስት ወር ሄደ።

ስለዚህ ፓስፖርትሽ ላይ ፎቶሽ ያለበትን ገጽ ክፈቺ። ስምሽን ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጪና ወደ ቢሮው ስትሄጂ ይዘሽ ሂጂ። በጆሯቸው ሰምተው እንዲጽፉልሽ አትተዪ።

ደግሞ የሆስፒታሉ ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ልጅ መወለዱን ማሳወቂያ ነው። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የምትኖሪበት አገር የሲቪል ምዝገባ ቢሮ ነው። በብዙ አገር ቀነ ገደብ አለው፤ ካለፈ ተጨማሪ ማስረጃ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል። ሰባት ወር ብዙ ነው፤ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ። እንዳትፈሪ ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል። መብቱ የልጅቷ ነው።

ከዚያ ማረጋገጫው ይመጣል። የምትኖሪበት አገርም የእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃሻል። ከሁለቱ አንዱ አባል ካልሆነ ግን ወረቀቱ መጀመሪያ በአገሩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ በቆንስላው ይረጋገጣል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ አፖስቲል የሚመሰክረው ፊርማውና ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ነው። ውስጡ የተጻፈው ልክ ይሁን አይሁን አይመለከተውም። ስምሽ ተሳስቶ እያለ ማኅተም ብታስመቺበት ከነስሕተቱ ይረጋገጥልሻል ማለት ነው።

ልጅቷን በአንቺ ፓስፖርት ስለመውሰድ፦ እሱ ድሮ ቀረ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ የራሱ ፓስፖርት ይሰጠው ይላል። ለእሷ ፓስፖርት የአባቷን ስምምነት መጠየቃቸው አይቀርም። እሱ ባለበት አገር ወዳለው ቆንስላችን ሄዶ የስምምነት ደብዳቤ ይፈርም። ዛሬውኑ ንገሪው፤ እሱም ቀጠሮ መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል።

ፈጣን

ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠውን ጊዜያዊ የጉዞ ወረቀት) አውጪና ሂጂ። በአንድ በሁለት ቀን ያልቃል።

ሕግ አዋቂዋ

ፈጣን፣ ምክርህ ሊጎዳት ይችላል። ሊሴ ፓሴ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ ጉዞ፣ ያውም ወደ አገር ቤት ለመግባት ነው። መመለሻ አይሆናትም። ሥራዋም ኑሮዋም እዚያ ነው።

እህቴ፣ ፓስፖርትሽን ሳታሳድሺ ብትሄጂም ያው ነው። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ። ወደ አገርሽ መግባት ባያስቸግርሽ እንኳ ስትመለሺ ወይም ትራንዚት ላይ ሊይዝሽ ይችላል።

ስለ ውክልናው ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ሰው በጣም የሚሳሳትበት እሱ ላይ ነው። "ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ሁሉንም ይሠራል" ይላሉ። በብዙ አገር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው ንብረቱን ማስተዳደር ነው፤ ማከራየት፣ ማደስ፣ ኪራይ መሰብሰብ። መሸጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ መያዣ ማስያዝ፣ ፍርድ ቤት መታረቅ፣ እነዚህ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። አንዲት ደንበኛዬ ከባሕር ማዶ የላከችው ውክልና "በስሜ እንዲፈርም፣ እንዲከራከር፣ እንዲረከብ" ይላል። "እንዲሸጥ" የምትለዋ ቃል የለችም። ገዢ ቀርቦ፣ ዋጋ ተስማምተው፣ ለአንዲት ቃል ሲባል ሌላ ውክልና እስኪመጣ ተጠበቀ። ገዢው ሌላ ቤት ገዛ።

የተገላቢጦሹም አለ። ወንድምሽ ውርሱን አጣርቶ ድርሻሽን እንዲረከብልሽ ብቻ ከሆነ የፈለግሽው፣ መሸጥን አትጻፊ። የምትፈልጊውን ብቻ ስጪ። መጀመሪያ ወንድምሽ ጉዳዩን የያዘው ቢሮ ሄዶ የሚቀበሉትን አጻጻፍ ጠይቆ ይላክልሽ። ረቂቁን ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ቤትሽ አትፈርሚ። ፊርማው ቆንስላው ሠራተኛ ፊት መሆን አለበት።

ጡረተኛው ጸሐፊ

ልጄ፣ እኔ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሌሎቹ ስለ ወረቀቱ ጥሩ ነግረውሻል። እኔ ስለ ምዝገባው ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ቆንስላን የፓስፖርት መስኮት ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1963 ቪየና ላይ የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ግን ሥራውን በዝርዝር አስቀምጦታል። አንቀጽ 5 ፓስፖርት መስጠትን ይጠቅሳል፤ የምትኖሪበት አገር ሕግ እስካልከለከለ ድረስ እንደ ውልና ማስረጃም እንደ ክብር መዝገብ ሹምም (ልደት፣ ጋብቻና ሞት እንደሚመዘግበው) መሥራትን ይጨምራል። የዜጎችን ጥቅም መጠበቅም እዚያው አለ። ግን የማናውቀውን ሰው እንዴት እንጠብቀው?

አንድ ሌሊት የተረኝነት ስልክ ጮኸ። የመኪና አደጋ ነው፤ ከሟቾቹ አንዱ የእኛ ዜጋ ነበር። መዝገቡን ከፈትኩ፣ ስሙን አገኘሁት። ደስ አለኝ ማለት ይከብዳል፣ ግን ተንፈስ አልኩ። "የአስቸኳይ ጊዜ ተጠሪ" ከሚለው ሥር ያለውን ቁጥር ደወልኩ። ሟቹን የማያውቅ ሰው አነሳው። ቁጥሩ ከአራት ዓመት በፊት የተሰጠ ነው፤ ለሌላ ሰው ተላልፏል። ቤተሰቡን እስክናገኝ ሦስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ቀናት እናቱ ስልኩ ላይ ስትደውል ነበር። ስልኩ እኛ ጋ፣ ከዕቃዎቹ ጋር ነበር፤ ተዘግቶ ስለነበር መደወሏን እንኳ አላወቅንም።

ስለዚህ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ ስልክ ስትቀይሪ፣ ቤት ስትቀይሪ አሳውቂ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ድንበር ሲያዘጋ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ሲፈልጉ የተነሡት ከእንዲህ ያለው መዝገብ ነው።

ቆንስላ የማይችለውንም እወቂ። ከእስር አያስፈታም። የአገሩን ሕግ አይሽርም። ጠበቃ ያገናኝሽ ይሆናል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን አይከፍልም። ከታሰርሽ ግን "ቆንስላዬ ይነገርልኝ" በዪ። በዚያው ስምምነት አንቀጽ 36 ይህን ስትጠይቂ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ይህ መብት እንዳለሽም ሊነግሩሽ ይገባል። ቃሉን በአገሩ ቋንቋ አጥኚው።

መንገደኛዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰውዬው እናት ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ለማሳደስ አስገብቻለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ፣ ካርዱ ግን አልወጣም። ቆንስላው ብሄድ አሳልፎ ይሰጠኛል ብዬ እፈራለሁ።

ጡረተኛው ጸሐፊ

አትፍሪ ልጄ። የእኛ መዝገብ ሌላ፣ የአገሩ ኢሚግሬሽን መዝገብ ሌላ ነው። አንዳንድ ቆንስላ የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ ስለሚጠይቅ ግን ቀድመሽ ደውለሽ ደረሰኙን እንደሚቀበሉ አረጋግጪ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ በደረሰኝ ብቻ ከአገሩ ወጥተሽ መመለስ ትችያለሽ ወይ? ይህን ከኢሚግሬሽን ቢሮው በጽሑፍ ሳትቀበዪ ቲኬት አትግዢ። ብዙ ሰው ለሁለት ሳምንት ወጥቶ በር የተዘጋበት በዚህ ነው።

ጥላ

ከላይ ያለው ምክር ለጠያቂዋ ልክ ነው። ሌሎች የምታነቡ ግን አስተውሉ። ጥገኝነት የጠየቃችሁ ወይም በስደተኛነት የምትኖሩ ከሆነ፣ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ የአገራችሁ ኤምባሲ አትሂዱ። ፓስፖርት ማደስ "የአገሩን ጥበቃ መልሶ ፈለገ" ተብሎ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። በስደተኛነት በሕጋዊ መንገድ ለምትኖሩት እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት የምትኖሩበት አገር የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ አለ።

የቤት ሠራተኛ የነበርኩ

እኔም ላክል። ፓስፖርቷ አሠሪ እጅ ያለ እህት ካለች ይህን ታንብብ። አሠሪዬ በገባሁ ቀን "እኔ ጋ ይቀመጥ፣ እንዳይጠፋብሽ" ብላ ወሰደችው። ሁለት ዓመት አላየሁትም። ፓስፖርት መያዝ የዓለም ሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ ምልክት ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነገሮች አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።

እኔን ያዳነኝ ኮፒው ነው። ከመሄዴ በፊት እህቴ ገጹን በስልኳ ፎቶ አንስታው ነበር። ቆንስላው ማንነቴን ያረጋገጠው በእሱ ነው። ኮፒው በእጃችሁ፣ በኢሜይላችሁ፣ በቤተሰብ ስልክ ይኑር። የቆንስላውን ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ ይወሰዳል።

መንገደኛዋ፣ ቀጠሮ አወጣልሻለሁ የሚል ደላላ ካገኘሽ ዋናውን ሰነድ እንዳትሰጪው። የጠፋ ፓስፖርት አንዴ ካስመዘገብሽ ይሰረዛል፤ በኋላ ብታገኚው እንኳ ልትጓዢበት አትችዪም፣ ድንበር ላይ ትያዢበታለሽ።

መንገደኛዋ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሆስፒታሉ ስሜን በሦስት ቀን አረመልኝ። የምዝገባ ቢሮው ላዘገየሁበት ቅጽ አስሞላኝ፣ ሌላ አላስቸገረኝም። የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ስቀበል ከመስኮቱ ሳልነሳ ፓስፖርቴን አውጥቼ ፊደል በፊደል ቆጠርኩ። ልክ ነው።

የአባቷ ስምምነት በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ቆንስላው ጋ በአንድ ቀጠሮ የእኔን እድሳት፣ የእሷን ፓስፖርትና ውክልናውን አስገባሁ። ወንድሜ የላከው አጻጻፍ ላይ "እንዲሸጥ" የሚል ነበረበት። ደውዬ ተነጋገርን፤ አወጣነው። ቅር አላለውም።

የመኖሪያ ካርዴ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ፓስፖርቶቹን እየጠበቅሁ ነው። ጉዞውን በአንድ ወር ገፋሁት፤ እናቴ ሻል ብሏታል፣ "አረጋግጠሽ ነዪ" ብላኛለች።

ጋሼ፣ ተመዝግቤያለሁ። "የአስቸኳይ ጊዜ ተጠሪ" ከሚለው ሥር የሁለት ሰው ቁጥር ጽፌያለሁ። ቅጹን ከመስጠቴ በፊት እዚያው ቆሜ ለሁለቱም ደወልኩ። ሁለቱም አነሱ።