የቲቢ መዝገባችንና ሪፖርታችን አልገጥም ብሎናል፤ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ነርስ ከገጠር
ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ቲቢ ክፍል ነው። ወረዳ ለድጋፋዊ ክትትል በመጣ ቁጥር የሚነሳው ያው ነው፤ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ (የጤና ሪፖርት በኮምፒውተር የሚላክበት ሥርዓት) የገባው ቁጥርና መዝገቡ አይገናኙም። የሕክምናው 2ኛ ወር የአክታ ምርመራ ውጤት የሚጻፍበት ቦታ ደግሞ ብዙው ባዶ ነው። በዝውውር የላክናቸው ሰዎች ይድረሱ አይድረሱ አናውቅም። ሪፖርት ሊዘጋ ሲል «ቁጭ ብለን እናስተካክለው» የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ያልተመረመረን ሰው ተመርምሯል ብሎ መጻፍ ሊዋጥልኝ አልቻለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመረጃ ባለሙያ
በፍጹም እንዳትጽፊው እህቴ! ባዶው ባዶ ሆኖ ይታይ፤ ያ ማለት አንድ ሰው ሳይመረመር ቀርቷል ማለት ነው፣ ከሞላሽው ማንም አይፈልገውም። ለቁጥሩ እኛ የምናደርገው፣ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት 12 ዳታ ኤለመንት (ሪፖርቱ ላይ ለየብቻ የሚሞሉ ቁጥሮች) በዕጣ እናወጣና ሪፖርቱን ያልሠራ ሰው ከመዝገቡ እንደገና ይቆጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ የሚመጣው በዝውውር የመጣን ታካሚ እንደ አዲስ ከመቁጠር ነው። እሱ መጀመሪያ በተመዘገበበት ቦታ ተቆጥሯል፣ እናንተ ጋ ሲደገም አንድ ሰው ሁለት ይሆናል።

ላብራቶሪ
ስለ አክታው እኔ ልናገር። ጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ባክቴሪያ በዘረመሉ የሚለይ መሣሪያ) ከገባ ወዲህ ማይክሮስኮፑን ችላ ያሉ አሉ። ለክትትል ግን ጂን ኤክስፐርት አይሆንም፣ የሞተውን ባክቴሪያ ዘረመል ጭምር ስለሚያገኝ መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ አይነግርሽም። አክታው ላይ ባክቴሪያ ታይቶበት ሕክምና የጀመረ ሰው በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር መጨረሻ በማይክሮስኮፕ ይታይ። የአክታውን ዕቃ ቀደም ባለው ቀጠሮ ስጪው፣ ጠዋት እንደተነሳ የሚወጣውን አክታ ይዞ ይምጣ። እዚያው መጥቶ «አክታ አምጣ» ሲባል ምራቅ ነው የሚሰጠው።

ታክሜ የዳንኩ
እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን አንድ ነገር ልበል። መድኃኒቱን ጀምሬ ሳሉ ሲተወኝ፣ ምግብም ሲበላልኝ፣ ዳንኩ ብዬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ልሄድ ተነሳሁ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጥታ ባትይዘኝ፣ መተማ ያለው ጤና ጣቢያ ጋም ደውላ መምጣቴን ባትነግራቸው ኖሮ 6 ወሩን አልጨርስም ነበር። እባካችሁ ስልካችንን በትክክል ጻፉ፣ የቤተሰብም ጨምሩ፣ የቀን ሠራተኛ ስልኩን ቶሎ ቶሎ ይቀይራል።

ነርስ ከገጠር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የምራቁ ነገር እኛም ጋ አለ። ግን ለዝውውር የሚደወልበትን ካርድ ማን ይሸፍናል? እስካሁን ከኪሳችን ነው።

የመረጃ ባለሙያ
ከኪስ አይዘልቅም። የአፈጻጸም ክትትል ስብሰባ ላይ አንሺው፣ ስንት ዝውውር ልካችሁ የስንቱ መድረስ እንደታወቀ ከመዝገቡ አውጥተሽ ይዘሽ ግቢ። እኛ ጋ ኃላፊው ያንን ሲያይ ነው ከውስጥ ገቢ ያስመደበልን።