አማርትያ ሴን ስለ ወሎ ረሃብ የጻፈው ዛሬም ያስኬዳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን የህንዳዊውን ኢኮኖሚስት የአማርትያ ሴንን «ድህነትና ረሃብ» እንደገና ይዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ነው። ስለ እኛ አገር ረሃብ አንድ ምዕራፍ አለው። በ1965 ወሎ ሲራብ የአገሪቱ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፣ የደሴ ገበያም እምብዛም አልተወደደም ይላል። ሕዝቡ የተራበው አገር ውስጥ እህል ጠፍቶ ሳይሆን ማግኛ አቅም አጥቶ ነው ባይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን አንብቤ በጣም ተናድጄ ነበር። አያቴ ያን ዘመን ያሳለፉት አምባሰል ነው። «ሰማዩ ዘጋብን» ሲሉ ነው የማውቃቸው። አሁን ግን ልቤ ተከፍሏል። እናንተስ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ አያትህና ሴን አይጣሉም። የ1964 ክረምትና የ1965 በልግ መቅረቱን እሱም ጽፎታል። ገበሬ ማሳው ሲከዳው የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ይሄዳል። እህል ቢመጣስ በምን ይገዛዋል? ገዢ ከሌለ ደግሞ ዋጋ አይንርም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ ነበር።

እኔን ያሳመነኝ የአፋሮቹ ነገር ነው። የአዋሽ ዳር ግጦሻቸው ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወሰደ። ድርቁ ሲመጣ ከብቱ አለቀ። የተረፈውን ገበያ ሲያወጡት ደግሞ የሚያመጣላቸው እህል ትንሽ ሆነ። ሁለት ጊዜ ነው የተመቱት።

መልስ 2፦
እኔ የደሴ ዋጋ ላይ አልስማማም። ከመኪና መንገድ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ለራቀ ሰው የደሴ ገበያ ምኑ ነው? አገር ውስጥ እህል አለ ማለት ወሎ ደጅ ደርሷል ማለት አይደለም። የረሃብ ተመራማሪው ስቴፈን ዴቨሩም እ.ኤ.አ. በ1988 የወሎን ጉዳይ እንደገና ሲያይ ሴን የእህል እጥረቱን አሳንሶ አይቶታል ብሎ ተከራክሯል።

ሌላው የረሃብ ተመራማሪ አሌክስ ደ ዋል ደግሞ ሱዳን ዳርፉር ላይ ያየውን አንብቡት። ሰዎቹ ከብታቸውንና ዘራቸውን ለማትረፍ ሲሉ አውቀው ይራቡ ነበር። የሴን ሐሳብ ይህን አይነካውም። ትልቅ ጉድለት ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አያቴ ጋ ደውዬ «ያኔ ገበያ ላይ እህል ነበር?» አልኳቸው። እስከዛሬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«እህልማ ነበር ልጄ። ውጫሌ በጆንያ ተደርድሮ አይቻለሁ። ሁለቱን በሬ ሸጠን የገዛነው ግን ወር አልደረሰም።»

ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩልኝ። «ዘሩን ግን አልበላንም። በቅል አድርገን ጭድ ውስጥ ቀብረነው ነበር።»