የጸሐፊው አመለካከት ምንድን ነው ሲባል ምን ልመልስ?

ጠያቂ (11ኛ ክፍል፣ አራት ኪሎ)፦
ሰላም ናችሁ? የአማርኛ መምህራችን ራሳቸው የጻፏትን ትዝታ ሰጥተውን «የጸሐፊው አመለካከት ምንድን ነው?» አሉ። «አንደኛ መደብ» ብዬ ጻፍኩ። ከአምስት አንድ አገኘሁ! ምንባቡ ይኸው፦

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ይወስደኝ ነበር። ወርቅ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ እርምጃው ይፈጥናል። የቸኮለ ይመስለኝ ነበር። ኬክ ቤት ስንገባ ለእኔ አንድ ኬክ ያዛል። እሱ ውሃ ይጠጣል። አባቴ ጣፋጭ አይወድም እል ነበር።»

የድልድዩ ልጅ፦
አንደኛ መደብ የትረካው አንጻር ነው። ማን ነው የሚያወራው ለሚለው መልስ ይሆናል። አመለካከት ደግሞ የሚያወራው ሰው ስለ ነገሩ ምን ያስባል ነው። «የአራት ኪሎው ሐውልት የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል መታሰቢያ ነው» ብትል መረጃ ነው። «ባየሁት ቁጥር አያቴ ድቅን ይሉብኛል» ካልክ ግን አንተም ገባህበት።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ግን እዚህ ስሜት የታለ? «አዘንኩ» አላለ፣ «ወደድኩ» አላለ።

ቡና በወተት፦
አባቱን እየወቀሰ ነዋ! ልጁን እየጎተተ ይሮጣል፤ አብሮት እንኳ አይበላም።

ጡረተኛው መምህር፦
ወቀሳውን ከየት አመጣኸው ልጄ? «ነበር»ን እዩልኝ። «የቸኮለ ይመስለኛል» እና «የቸኮለ ይመስለኝ ነበር» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «ዛሬ ግን አይመስለኝም»ን በሆዱ ይዟል። «እል ነበር»ም እንደዚያው። ትዝታ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ ያኔ ያየው ልጅና ዛሬ የሚጽፈው አዋቂ። የተጠየቅከው ስለ አዋቂው ነው። ስንቱን ፈተና አርሜያለሁ፣ ተማሪ የሚስተው ሁሌ እዚህ ጋ ነው።

የድልድዩ ልጅ፦
ጋሼ፣ «ይወስደኝ ነበር»ም እኮ «ነበር» አለው።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ! እሱ ልማድን ነው የሚነግርህ። ከ«መሰለኝ»፣ ከ«አልኩ»፣ ከ«አመንኩ» ጋር ሲመጣ ነው ጆሮ ማቆም።

የፒያሳዋ፦
የወርቅ ቤቶቹ ነገር ሆዴን በላኝ። እናቴም ያን መስታወት ስናልፍ እጄን ጎተት ታደርገኝ ነበር። ልጅ «ግዙልኝ» እንዳይል እኮ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ያንቺ ትዝታ ለመገመት ይረዳል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። «አባትየው ድሃ ነበር» ብሎ በእርግጠኝነት አይጻፍም። «እጥረት እንደነበረበት ይጠቁማል» ይበል።

ጠያቂ፦
እንዲህ ባስተካክለውስ? «ጸሐፊው ልጅ ሳለ ያልገባውን የአባቱን እጥረት ዛሬ በፍቅርና በትንሽ ጸጸት ያየዋል። ‹ይመስለኝ ነበር› እና ‹እል ነበር› የድሮ ግምቱን እንደተወው ያሳያሉ። ወርቅ ቤቶቹ ጋ እርምጃው መፍጠኑም እጥረቱን ይጠቁማል።»

ቡና በወተት፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ውሃውን ረሳኸው እኮ!

ጠያቂ፦
ወይኔ! አሁኑኑ ልጨምረው።