ናርቪክ፦ ጦሩ የዘመተው ለብረቱ ነው ወይስ ለመንገዱ?

ሰሜን ነፋስ፦
ትናንት አንዱ «ሂትለር ኖርዌይን የወረረው ለብረት ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው» ብሎ ለጥፎ ስንቱ አጨበጨበለት። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ያ የተባለው ብረት እኮ ያለው ስዊድን ሰሜን ጫፍ ላይ ነው፣ ኪሩናና ዬሊቫሬ! ኖርዌይ የነበራት ወደቡ ነው፣ ናርቪክ። ጦር የሚያዘምተው ማዕድኑ ሳይሆን ማዕድኑ የሚወጣበት መንገድ ነው ባይ ነኝ። በሉ ተከራከሩኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ እንዳንደናገር።)

ትርፍ ሰዓት፦
ታዲያ ምን ለውጥ አለው? ድንጋዩ ባይኖር ናርቪክን ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር? ጀርመን ጦርነቱ ሲጀመር በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የብረት ማዕድን ከስዊድን ታስገባ ነበር። ያውም ጥራቱ ሌላ ነው፤ የኪሩናው 60 በመቶና ከዚያ በላይ ብረት አለው፣ የጀርመን የራሷ ማዕድን ግማሹን ያህል እንኳ አይሞላም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሌላውን በር ሲዘጋባት ምን ቀራት?

ሰሜን ነፋስ፦
ለውጡማ ካርታው ላይ ነው። በሞቃቱ ወራት ድንጋዩ በባቡር ወደ ስዊድኑ ወደብ ሉሌኦ ወርዶ በባልቲክ ባሕር በኩል ጀርመን ይገባል፤ እዚያ ውስጥ የእንግሊዝ መርከብ ድርሽ አይልም። ብርዱ ሲጠና ግን ባሕሩ በረዶ ይሆንና ሉሌኦ ለወራት ይዘጋል። ያኔ ባቡሩ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ተራራውን ይሻገርና ናርቪክ ይደርሳል። ናርቪክ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ሆና ሳለ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቅ ያለ ውኃ ከበረዶ ያድናታል። የተጫነው መርከብ ከዚያ የኖርዌይን ዳርቻ ታክኮ፣ በገለልተኛ አገር ውኃ ውስጥ፣ ቁልቁል ይነዳል። እንግሊዞች እያዩት ያልፋል። ያኔ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረውን ቸርችልን እንቅልፍ የነሳው ይቺ የውኃ መንገድ ናት።

መምህር ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት። ሂትለር ማርች 1 ቀን 1940 ያወጣው ትእዛዝ ሦስት ምክንያት ይዟል። እንግሊዝን ስካንዲኔቪያ ላይ መቅደም፣ የስዊድንን ማዕድን ማስጠበቅ፣ ለባሕርና ለአየር ኃይሉ እንግሊዝን መውጊያ ሰፋ ያለ መነሻ ማግኘት። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ሬደር ሲወተውት የነበረው በተለይ ስለ ሦስተኛው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርከቦቻቸው ሰሜን ባሕር ላይ ታፍነው የቀሩበት ቁጭት አልወጣለትም ነበር።

ብረት ለበስ፦
መምህር፣ እርስዎን ሳከብር፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይን ጉድ ግን ዘለሉት። ሶቪየት በ1939 መጨረሻ ፊንላንድን ስትወጋ «እንርዳ» ብለው ያወጡት ዕቅድ ጦሩን በናርቪክ አስገብቶ በዚያው በባቡሩ መስመር ወደ ምሥራቅ የሚወስድ ነበር። መስመሩ ደግሞ «በአጋጣሚ» በኪሩና በኩል ያልፋል! ማዕድኑ ጋ ሲደርሱ አብዛኛው ጦር እዚያው ሊቀር ነበር። ስዊድንና ኖርዌይ አናሳልፍም አሉ፣ ፊንላንድም ማርች ላይ ሰላም ፈረመችና ሰበቡ ጠፋ። ኤፕሪል 8 እንግሊዝ የኖርዌይ ውኃ ላይ ፈንጂ አጠመደች፣ በማግስቱ ጀርመን ገባች። ይህን ሁሉ ያደረገው ብረት ካልሆነ ምንድን ነው?

ዝምተኛ፦
ውጤቱን ግን ማንም አላነሳም። ጀርመን ናርቪክን ለመያዝ የላከቻቸው 10 ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) ኤፕሪል 10 እና 13 እዚያው ፊዮርድ፣ በተራራ መካከል የገባው ጠባብ ባሕር፣ ውስጥ አለቁ። ከነበሯት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ወደቡን የሰመጠ መርከብ ሞላው። ወዲያው ፈረንሳይ ስትወድቅ የፈረንሳይ ግዛት የሎሬን የብረት ማዕድን ጀርመን እጅ ገባ፣ ስዊድንም በሉሌኦ መሸጧን ቀጠለች። ያን ያህል ከፍላ የያዘችው ወደብ እንደ ድሮው አልጫነላትም።

ትርፍ ሰዓት፦
እሺ ናርቪክን ተዉት። ፔትሳሞስ? ፊንላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ ኒኬል ነበራት፣ የማውጣት መብቱ የካናዳ ኩባንያ ነው። ጀርመኖች በ1941 ሶቪየትን መውጋት እንደጀመሩ ሮጠው እዚያ ገቡ። ከዚያ ወደ ሶቪየት ወደብ ሙርማንስክ ሲገፉ ሊትሳ ወንዝ አካባቢ ተገተሩ። ዛፍ በማይበቅልበት ዐለት ላይ ሦስት ዓመት! ሙርማንስክን አልያዙ፣ ማዕድኑን አልለቀቁ። ለታንክ ብረት ኒኬል ስለሚያስፈልግ ነዋ። እዚህ ላይ «መንገዱ ነው» በለኝ እስቲ።

መምህር ጡረተኛው፦
በዚህስ ልክ ነህ። ሂትለር በኦክቶበር 1944 ለቃችሁ ውጡ ያለው የጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ ስፔር «ያከማቸነው ኒኬል ይበቃናል» ካለው በኋላ ነው። ፔትሳሞን ሶቪየት ወሰደችው፤ ለካናዳው ኩባንያም 20 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች።

ሰሜን ነፋስ፦
ፔትሳሞ እኮ የእኔኑ ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ኒኬል የሚፈለገው በጥቂቱ ነው፣ በካሚዮን ጭነህ ባለህ መንገድ ታወጣዋለህ፤ ስለዚህ ጉድጓዱን መጠበቅ በቂ ነው። ብረት ግን በሚሊዮን ቶን ነው የሚፈለገው። ባቡርና ወደብ ከሌለህ የኪሩና ተራራ ተራራ ሆኖ ይቀራል። ጄኔራሎቹ የትኛውን ቦታ እንደሚይዙ የሚወስነው የጭነቱ ብዛት ነው።

ብረት ለበስ፦
ይሄ አባባል ገባኝ። ዛሬስ? በ2023 መጀመሪያ ኪሩና አጠገብ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሬር ኧርዝ (ብርቅዬ የሚባሉ የብረት ዓይነቶች) ተገኘ ሲባል አውሮፓ ጮቤ ረገጠ። የተዋጊ ጄትና የሚሳይል ዕቃ የሚሠራበት ነገር ነው። በጭነት ቀላል ነው፣ በአንተ ስሌት ጉድጓዱን መጠበቅ ይበቃል ማለት ነው?

ሰሜን ነፋስ፦
አይበቃም። ያን ድንጋይ ማንጠር ነው ከባዱ፣ ከማንጠሪያው ደግሞ አብዛኛው ቻይና እጅ ነው ያለው። ያገኘው የማዕድን ኩባንያ ሰዎች ራሳቸው ገበያ እስኪደርስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል ብለዋል። እስከዚያ ጦርነት ቢነሳ ኪሩናን የያዘ ሰው ድንጋይ ነው የያዘው።

ትርፍ ሰዓት፦
እና ሌላው እንዳይዘው አይዋጋም ትላለህ? እንግሊዝ በ1940 የስዊድን ብረት ለራሷ ርቧት ነበር እንዴ? ጀርመን እንዳታገኘው ነው እኮ ፈንጂ ያጠመደችው። ለዚህ መልስ ስጠኝና እተኛለሁ።